ጋፋትን ማን አመነመነው?

እንግሊዞች ለመድከምና ለመውደቅ የሚሆን ቃል አያጡም። የራሳቸው ሲያንስ ከላቲን ይበደራሉ፤ ከላቲን ያላገኙትን ከፈረንሳይኛ ይወስዳሉ። «ዲክላይን» የሚሉት ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ መታጠፍ፣ ከቀናው መንገድ ዘንበል ማለት ነው። «ዲኬይ» እና «ዲካደንስ» ደግሞ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አባትየው «ካዴሬ» የተባለው የላቲን ግሥ ሲሆን መውደቅ ማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ኤድዋርድ ጊቦን የመጀመሪያውን ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1776 ላሳተመው የሮማ ታሪኩ ርእስ ሲያወጣ አንዱ ቃል አልበቃ ብሎት «ዲክላይን» ካለ በኋላ «ፎል» የሚል ጨምሮበታል፤ መዳከሙንም መውደቁንም ለየብቻ ሊነግረን ፈልጎ ነው። (ይኸው ጊቦን ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያውያንም የጻፋት አንዲት ዝነኛ ዐረፍተ ነገር አለች። ምሁራኖቻችን ሲመላለሱባት ስለ ኖሩ እኔ እዚህ አልደግማትም።)

እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን ከእነዚህ ሁሉ ታናሹ ነው። «ድዊንድል» ይባላል።

ይህ ቃል ላቲን የለበትም። ጥንታዊው እንግሊዝኛ «ድዊናን» የሚል ግሥ ነበረው፤ መክሳት፣ መጠውለግ፣ እያደር መድከም ማለት ነው። የሆላንዶች «ፈርድዌይነን» የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እነሱ ዘንድ ትርጉሙ ከዓይን መሰወር ሆኗል። አንዳንድ የቃላት ሥር መርማሪዎችም ከዚያ ወዲያ ተሻግረው ከሞት ጋር ያዛምዱታል። እንግሊዞቹ በኋላ ዘመን በአሮጌው ግሥ ጫፍ ላይ አንዲት «ል» ቀጠሉበት። ይህቺ «ል» ትንሽ ብትመስልም ሥራ አላት። «ስፓርክ» ብልጭታ ነው፤ «ስፓርክል» ሲሆን ብልጭ ብልጭ ማለት ይሆናል። ነገሩ አንድ ጊዜ ተደርጎ እንደማያበቃ፣ በትንሽ በትንሹ እንደሚደጋገም ታስረዳለች። እንግዲህ «ድዊንድል» ማለት ዛሬ ትንሽ መክሳት፣ ነገ ደግሞ ትንሽ መክሳት፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ማለት ነው።

ቃሉ በጽሑፍ ብቅ ያለው በ16ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ሼክስፒር ገና ትኩስ ሳለ ሁለት ቦታ ተገልግሎበታል። በ«ሄንሪ አራተኛ» የመጀመሪያ ክፍል ያ ቦርጫሙ ፋልስታፍ ሥጋዬ አለቀ ብሎ ያማርርበታል (በቀላሉ የሚያልቅ ሥጋ እንኳ አልነበረውም)። በ«ማክቤዝ» ውስጥ ደግሞ ጠንቋይዋ አንዱን መርከበኛ ትረግምበታለች። አንድ ቃል አንዴ ለሣቅ፣ አንዴ ለእርግማን መዋሉ ነው። ለእኔ እርግማኑ ይበልጥ ገብቶኛል። ጠንቋይዋ ሰውየውን ሙት አላለችውም፤ እያደርክ እለቅ ነው ያለችው።

ለዚህ ቃል አማርኛ ምን አለው ቢሉ ብዙ አለው። ብዙዎቻችን ግን አንዱን ብቻ ይዘን ቀርተናል። ጋዜጣና መጽሔቱን ብንገልጥ የባህል ውድቀት፣ የትምህርት ውድቀት፣ የሥነ ጽሑፍ ውድቀት፣ የሥነ ምግባር ውድቀት ነው። ሁሉ ነገር ይወድቃል። ጸሐፊው ጠንከር ማለት ሲያምረው «ዝቅጠት» ይላል፤ እርሱም ከጠላ ጋን የተገኘ ቃል ነው፣ አተላው ሲዘቅጥ። ለዘብ ማለት ሲያምረው «ማሽቆልቆል» ይላል፤ ይህኛው ቁልቁለት ይሻል፤ ያሽቆለቆለ ሁሉ ቀድሞ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ነበር ማለት ነው። እኔ ለ«ድዊንድል» የምመርጥለት ግን ሌላ ነው፤ መነመነ።

መነመነን እስቲ ልብ ብለን እንየው። «መነ» ብሎ አላበቃም፤ «መነ» «መነ» ብሎ ደገመው። እንግሊዝኛው በ«ል» ያደረገውን አማርኛው ፊደሎቹን በመድገም አደረገው። እንዲህ እየደገሙ የሚሠሩ ግሦች ቋንቋችን ብዙ አሉት። ቀጠቀጠ ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ አንድ ጊዜ የመታ ሰው አልቀጠቀጠም። ቀጥቃጭ የምንለው ብረት ሠሪ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ያደግሁት በደብረ ታቦር ነው። እናቴ መነመነ የሚለውን ቃል የት የት ታውለው እንደ ነበር አስታውሳለሁ። የእናቱ ጡት የደረቀበት ጥጃ መነመነ። ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ መነመኑ። ቤት በክረምት ሲፈርስ ግን መነመነ አትልም፤ ተደረመሰ ነው የምትለው። ዛፍ በነፋስ ሲገነደስ ወደቀ ነው። ይህን ልዩነት ማንም አላስተማራትም። ስለ ወደቀው ነገር «መቼ?» ብለው ቢጠይቋት ቀኑን ትነግርዎታለች፤ የሚካኤል ዕለት፣ ወይም የቡሄ ማግስት ትላለች። ለመነመነው ግን ቀን አልነበራትም።

ይህን ያህል ስለ ቃል ያወራሁት ስለ ጋፋት ላወራ ብዬ ነው።

ጋፋት ከደብረ ታቦር በእግር የሚደረስባት ቦታ ናት። ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ ገዙባት፤ ከዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ። ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ጀርመኖችና ስዊሶች ነበሩ፤ የላካቸው የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነው። ከመካከላቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር እና ካርል ዛልሙለር ይገኙበታል። ከሰባኪዎቹ ሌላ ሞሪትዝ ሆል የሚባል ከክራኮቭ የመጣ፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገባ ፖላንዳዊ፣ ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ነበሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሉ። እኛ ይህን ሥራ አናውቅም አሏቸው። ቴዎድሮስ አናውቅም የሚባል ቃል የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም፤ ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እየደጋገሙ ሲሞክሩ ግን ብረቱ ቀለጠ፣ ፈሰሰ፣ ቅርጹን ያዘ።

ከዚህ ሁሉ ልፋት ስሙ የቀረው ሴባስቶፖል ነው፤ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ የተዋሰው ስም ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል፣ በእኛ የእህል ሚዛን 70 ኩንታል መሆኑ ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ሲጠባ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ይህን ግዙፍ ይዘውት ሄዱ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ፣ ዐለቱን እየፈለጡ፣ በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት።

እንግዲህ ውድቀት ማለት ይህ ነው። ቀን አለው፤ ቦታ አለው፤ ጄኔራል ናፒየር የሚባል ባለቤት አለው። ሥነ ጽሑፋችንም ለዚህ ውድቀት ዕንባውን አልነፈገም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመድረክ ስለ ንጉሡ ጽፈዋል። ደግ አደረጉ። ስለ ጋፋቱ ወናፍ ነፊ የተጻፈ ልብ ወለድ ግን እኔ እስካሁን አላነበብሁም።

ጋፋት በዚያ ሰኞ አልወደቀችም። እስከ መቅደላ የተጓዙት አውሮፓውያን ከናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ በዚያ በብሩማና ተማሪ ቤት አቋቋመ፤ በስተርጅናው ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። የሕይወት ታሪኩንም ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1886 ለንደን ላይ አሳተመ። ሞሪትዝ ሆል ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ከወለተ ኢየሱስ ጋር ያፋ ወረደ። ሴት ልጃቸው ማግዳሌና ኡስቲኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ባላባት አገባች፤ ከዚያ ዘር ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ተወለደ። በልጅነቴ ሲኒማ ቤት ተቀምጬ ያን ወፍራም ሰውዬ እንደ ኔሮ ሲሆን ሳየው፣ ቅድመ አያቱ ከሰፈራችን ማዶ መድፍ ያፈሰሰ መሆኑን ማን ነግሮኝ!

የሄዱት ስማቸው ተጽፎላቸዋል። የቀሩትስ? ከሰል ያከሰሉት፣ ወናፉን የነፉት፣ ጭቃውን አቡክተው ቅርጹን የሠሩት፣ የፈረንጁን እጅ እያዩ የተማሩት የአገሬ ሰዎች፣ እነርሱ በዚያ ሚያዝያ አልሞቱም። ወደየቤታቸው ተመለሱ። የተማሩትም አብሯቸው ነበር፤ ምን ዓይነት አፈር እሳት እንደሚችል፣ ብረቱ ስንት ጊዜ ሲቀላ ለመፍሰስ እንደሚደርስ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ግን ጋፋት ላይ ሌላ መድፍ አልፈሰሰም። ማረሻ የሚሠራ ማኅበር፣ ደወል የሚያፈስ ቤት፣ ልጆች የሚማሩበት ከውር ሆና አልቀጠለችም። ስሟ ብቻ ርቆ ሄደ፤ በዘመናችን አንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጋፋት ተብሎ ተሰይሟል፤ የተሠራው ግን እዚያ አይደለም። ሴባስቶፖል ራሱ መቅደላ አፋፍ ላይ ተጋድሞ ቀርቷል፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል።

ጋፋት የሚለው ስም የአንድ ሕዝብና የአንድ ቋንቋም ስም ነው። ቋንቋው ከአማርኛ፣ ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር የሚቆጠር ሴማዊ ቋንቋ ነበር፤ የዓባይ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ይነገር ነበር። የዚህን ቋንቋ ነገር ያመጣሁት በስሙ ብቻ ተስቤ አይደለም። መመንመን ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ጀምስ ብሩስ ጎንደር በነበረ ጊዜ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ የሚመልስለት ሰው አግኝቶ ነበር፤ ያ ጽሑፍ ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1840ዎቹ ቻርልስ ቤክ ጎጃም ላይ ቃላት ለቀመ። ከዚያ ወዲህ ዝም ሆነ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 የብሩስን ጽሑፍ ሲያሳትም የሞተ ቋንቋ መዝገብ ነው ብሎ ነበር ያሳተመው። ሁለት ዓመት ቆይቶ መጥቶ፣ ብዙ ፈልጎ አፈላልጎ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች አገኘ። አራት! ከእነርሱ የሰማውን ይዞ በ1956 ፓሪስ ላይ በፈረንሳይኛ አንድ መጽሐፍ አወጣ። (ያው ሌስላው ነው በ1973 የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን የሰጠን። እርሱም እንደ ሞሪትዝ ሆል ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። መቶ ዓመት ሞልቶት በ2006 ሞተ።)

ጋፋትኛ ተናጋሪውን ማንም ምላሱን አልቆረጠውም። ቋንቋ የሚመነምነው እንዲህ ነው፦ አንዲት እናት ልጇ ገበያ ሲወጣ እንዳይሣቅበት ብላ በሌላው ቋንቋ ታናግረዋለች። ለርሷ የወደቀ ነገር የለም፤ እንዲያውም ለልጇ በጎ ማድረጓ ነው። ልጁ ይሰማል እንጂ አይመልስም። የልጅ ልጁ አይሰማም። ከአራቱ ሰዎች የመጨረሻው መቼ እንደሞተ የተጻፈ ቀን የለም፤ ቢኖርም ቋንቋው ያለቀው ያን ቀን አይደለም።

አሁን ወደ ቀጥቃጩ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ታቦር ሄጄ ሳለ፣ ከገበያው ዳር አንድ ሽማግሌ ብረት ሠሪ ዘንድ ተቀምጬ አረፈድሁ። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ በሚዛን ይገዛሉ፤ ያን እያጋሉ ማጭድና መጥረቢያ ይሠራሉ፣ የደነዘ ማረሻ ያሾላሉ። ወናፉ የፍየል ቆዳ ነው፤ የሚነፋላቸው የዐሥር ዓመት ያህል የልጅ ልጃቸው ነው። ጉጠቱንና መዶሻውን ከአባታቸው ነው የወረሱት።

«አባቴ፣ ዱሮ እዚህ ስንት ወናፍ ይነፋ ነበር?» አልኋቸው።

«ባባቴ ጊዜ ስድስትም ሰባትም ይሆናል። አሁን የኔና ያ ማዶ የሚታይህ ነው።»

«መቼ ቀረ ታዲያ?»

«ኧረ ልጄ፣ ምን ቀን አለው ብለህ ነው! ማጭድ በየዓመቱ ስትስለው ይሳሳ የለም? እንዲያ ነው።»

ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። አንዱ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። ሁለተኛው በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ መተማ ይወርዳል፤ ቀሪውን ወር የቀን ሥራ ይሠራል። ሁለቱም መዶሻ ይችላሉ። «ያባታቸውን ሥራ ግን ለሰው አያወሩም» አሉኝ፤ ቅሬታም አልነበረበትም አነጋገራቸው።

የእንግሊዝኛው «ድዊንድል» አንድ ጉድለት አለው። ዛሬ በሚነገረው እንግሊዝኛ ነገሩ ራሱ መነመነ ይባላል እንጂ እገሌ አመነመነው ማለት እምብዛም አይቻልም። ተጎጂ አለ፣ አድራጊ የለም። አማርኛ ግን «አ»ን ከፊቱ ቢጨምርበት ነገሩ ይለወጣል። በሽታው አመነመነው፤ ሐዘኑ አመነመናት። ይህ ለእኛ ትልቅ ሀብት ነው፤ የማይወድቅ ነገር ሲጠፋም ማን እንዳደረገው መጠየቅ ያስችለናልና። እኔም ጋፋትን ማን አመነመነው እላለሁ።

ናፒየር ነው ብሎ መመለስ ይቀላል። ናፒየር ግን ጋፋትን ለማጥፋት አልመጣም፤ እስረኞቹን ፈልጎ መጣ፣ ያገኘውን ንዋየ ቅድሳትና ብራና ጭኖ ሄደ። ያን መጠየቅ ሌላ ነው፤ ይጠየቅም። ቴዎድሮስ ናቸው የሚልም ይኖራል፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ሥራው የተመሠረተው በአንድ ሰው ፈቃድና በአንድ ሰው ቁጣ ላይ ነበር። ንጉሡ የፈለጉት ሙያውን ሳይሆን መድፉን ነው፤ መድፉ ሲያልቅ ሠሪዎቹን ከነመድፉ ይዘዋቸው ሄዱ። ሰውየው ሌላ ዐሥር ዓመት ቢቆዩ ኖሮ የሚል ሙግት እሰማለሁ፤ አያሳምነኝም። ጋፋት ላይ የሠለጠነው ልጅ ወደ መንደሩ ሲመለስ የጠበቀው ስም ምን ነበር? ቡዳ። በማረሻው የሚያርሰው ገበሬ፣ በማጭዱ የሚያጭደው ጎረቤቱ ልጁን አይድርለትም፤ ምግብ ሲበላ ካየው ይሸፈንበታል። መድፍ ማፍሰስ የሚችል ሰው በዚያ መንደር ከሁሉ በላይ የሚፈራና ከሁሉ በታች የሚቀመጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሙያ ለልጁ የሚያወርስ አባት እልኸኛ መሆን አለበት።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ከመቅደላ 40 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ለጥቂት ሰዎች ጠባይ ሲባል ዐዋጅ አይነገርም፤ ስድቡ አገር የሞላ ነበር ማለት ነው። ዐዋጁ ከተነገረ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ አልወደቀም፤ እርሱ እንኳ መነመነ ለማለት ደፍሬአለሁ፤ ከዱሮው ይሻላልና። የሚያሳዝነው ሙያውና ስድቡ አንድ ላይ መመንመናቸው ነው፤ ስድቡ ሳያልቅ ሙያው እንዳያልቅ እፈራለሁ።

ብረት ሠሪው ዘንድ በተቀመጥሁበት ያን ረፋድ አንድ ገበሬ ማረሻ ሊያሾል መጣ። ጤና ይስጥልኝ ብሎ በአክብሮት ተናገራቸው፤ ስለ ዝናቡም ስለ ገብሱም አወሩ፤ ጉና ላይ በረዶ መጣሉን ነገራቸው። ሽማግሌው ማረሻውን አጋሉት፣ ቀጠቀጡት፣ ውኃ ውስጥ ነከሩት፤ ጭሱ ወጣ። ገበሬው ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳስሶ ወደደው። ከዚያ ብሩን ቆጠረና፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሳለ፣ ጎንበስ ብሎ ከድንጋዩ ላይ አስቀመጠላቸው። ልጁ ወናፉን ትቶ ሄደና አነሣው።